«ሰማንያ አላችሁ ወይ?» ሳይጋቡ አብሮ መኖርና ሕጉ

ጎረቤቴ ባሏን የቀበረችው ሐሙስ ቀን ነው። ባሏን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው። ስምንት ዓመት በአንድ ቤት ኖረዋል። አንድ ልጅ አላቸው። እድር ውስጥ አብረው ገብተዋል። ቤቱን ሲገዙ የእሷም እቁብ ገብቶበታል። ሠልስቱ ባለፈ ማግስት የሟች ታላቅ ወንድም ከደሴ ከመጡ ዘመዶች ጋር ሳሎን ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ አናውቅሽም አላልንም፤ ግን ሰማንያ አላችሁ ወይ?» አላት። የላቸውም። «እንግዲህ የቤቱ ካርታ በእሱ ስም ነው...» ብሎ ተወው። መጨረስ አላስፈለገውም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሥር ሁለት ዓይነት ምክር ሰማሁ። አንዷ እናት «ሰማንያ የሌላት ሴት ምን አፍ አላት፣ ልጇን ይዛ ትውጣ» አሉ። አንድ ወጣት ደግሞ «ኧረ ባክዎ፣ ስድስት ወር አብሮ የኖረ ሁሉ በሕግ ባልና ሚስት ነው» አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ግን የሁለቱን ዓይነት አስተያየት በየታክሲው፣ በየቢሮው፣ በየቡና ቤቱ ስለምሰማ፣ አንዴ ቁጭ ብዬ ሕጉ ምን እንደሚል በደንብ ልጻፈው አልኩ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ከእሷ ጋር ሁለት ጠበቆች ዘንድ ሄጃለሁ፣ አዋጁንም ገዝቼ አንብቤዋለሁ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናስተካክል። ሳይጋቡ አብሮ መኖርን ከፊልም የመጣ የዘመኑ ልጆች ነገር አድርገው የሚያወሩ አሉ። አይደለም። ድሮም ትዳር አንድ ዓይነት አልነበረም። ቁርባን ነበር፣ ሰማንያ ነበር፣ በውል ደሞዝ እየተከፈለ ለተወሰነ ጊዜ የሚኖርበት የደሞዝ ጋብቻ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ውጪ ደግሞ ዝም ብለው አብረው የሚኖሩ ነበሩ፤ ለእነሱ የወጡት ስሞች ብዙዎቹ ሴቷን የሚሰድቡ ናቸውና አልደግማቸውም። ዛሬ የተለወጠው ምክንያቱ ነው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አንድ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ይበላል፣ የሠርግ ወጪ የሁለት ዓመት ቁጠባ ይፈጃል። ስለዚህ «እስከዚያው» ተብሎ አንዱ ሌላው ጋ ጠቅልሎ ይገባል። ይኼ «እስከዚያው» የሚባል ነገር እኛ አገር አምስት ዓመትም አሥር ዓመትም ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ይኼን ያውቀዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከአንቀጽ 98 ጀምሮ «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ ስለመኖር» ብሎ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሕግ የሚጸና ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ሆነው ሲኖሩ ማለት ነው። አኗኗራቸው የተጋቡ ሰዎችን ከመሰለ በቂ ነው። «ባለቤቴ ናት» እያሉ ለሰው ማስተዋወቅም ግዴታ አይደለም።

ግን እዚያው አንቀጽ 99 ላይ አንድ ነገር በግልጽ ተጽፏል። በሁለቱ መካከል ያለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ቢደጋገምም፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቀውም፣ ብቻውን በቂ አይደለም። ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ጠዋት የሚሄድ ጓደኛ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢመጣም፣ ሕጉ ስለ እሱ አያወራም። ሕጉ የሚፈልገው አንድ ምድጃ፣ አንድ ጎጆ ነው። ኪራዩን አብሮ መክፈል፣ ሲታመሙ አብሮ ሐኪም ቤት መሄድ፣ ለቅሶ አብሮ መድረስ። ኪራይ ለመጋራት ደባል ሆነው የሚኖሩ ደግሞ ጭራሽ ከዚህ ውጪ ናቸው።

ጠበቃው ለጎረቤቴ ያቀረበላት የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ስለዚህ አልነበረም። «ሽማግሌ ልኮ ነበር?» አላት። እኔ ለምን እንደጠየቃት አልገባኝም ነበር። በኋላ አስረዳን። በሕጋችን ጋብቻ በሦስት መንገድ ይፈጸማል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሥርዓት። ሦስቱም ጋብቻ ናቸው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ መርቆ፣ በአካባቢው ወግ ተድረው ከሆነ፣ ወይም ኒካህ አስረው ከሆነ፣ ወይም በተክሊል ከሆነ፣ ወረዳ ሄደው ባያስመዘግቡትም ተጋብተዋል ማለት ነው። ምዝገባው ማስረጃ ነው እንጂ ጋብቻውን የሚፈጥረው እሱ አይደለም። ስንት ሰው ነው «እኛ እኮ ሰማንያ የለንም» እያለ፣ በሕግ ግን ሙሉ ባለትዳር የሆነ! እንዲህ ያለው ሰው የምስክር ወረቀት ባይኖረውም የትዳር ሁኔታ እንደነበረ በምስክር ማስረዳት ይችላል፤ ከተሳካለትም የሚጠይቀው የባለትዳር መብት ነው፣ ቀጥሎ የማነሳው የሦስት ዓመት ቆጠራ ውስጥ አይገባም።

ጎረቤቴ ትንሽ ዝም አለችና «ሊልክ ነበር» አለች።

እንግዲህ ሊልክ የነበረ ሽማግሌ አይቆጠርም። ስለዚህ የቀራት መንገድ አንቀጽ 98 ነው፣ ጨዋታውም ሌላ ነው።

በጋብቻና በዚህ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ንብረት ላይ ነው። የተጋቡ ሰዎች ከጋብቻው ቀን ጀምሮ የሚያፈሩት የጋራ ነው። ዛሬ ተጋብተው ነገ አንዱ መኪና ቢገዛ የሁለቱም ነው። ሳይጋቡ ለሚኖሩት ግን አንቀጽ 102 አንድ በር ሠርቷል። ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት መቆየት አለበት። ሦስት ዓመት ከሞላ፣ ሌላ ውል እስከሌላቸው ድረስ፣ አብረው ሲኖሩ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው፣ የሚቆጠረው ከሦስተኛው ዓመት በኋላ የተገዛው ብቻ አለመሆኑን ነው። አብሮ በመኖር ዘመናቸው ያፈሩት ነው የሚለው። ሦስቱ ዓመት መግቢያ በር ነው፣ ከገቡ በኋላ ወደ ኋላም ይታያል።

ለምን ሦስት ዓመት? ለምን ሁለት ወይም አምስት አልሆነም? ሕግ የሆነ ቦታ መስመር ማስመር አለበት፣ ይገባኛል። ግን ሁለት ዓመት ከአሥር ወር የኖረችው ሴትና ሦስት ዓመት ከአንድ ቀን የኖረችው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቤት ሊሆን እንደሚችል ሳስበው ሆዴን ያመኛል። የሁለት ዓመት ከአሥር ወሯ ሴት ፈጽሞ ባዶ እጇን ናት ማለት አይደለም። ገንዘቧን ቤቱ ውስጥ እንዳስገባች በደረሰኝ፣ በባንክ ዝውውር ካስረዳች፣ ያላግባብ በልጽጓል ብላ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2162 መጠየቅ ትችላለች። ያወጣችውን ገንዘብ ልታገኝ ትችላለች። ግን ያጠበችው፣ ያበሰለችው፣ ልጅ ያሳደገችበት ጊዜ ደረሰኝ የለውም። በትዳር ውስጥ ይኼ ሁሉ እንደ ሥራ ይቆጠራል፣ ለዚህም ነው ግማሽ በግማሽ የሚካፈሉት። እዚህ ግን ደረሰኝ የያዘ ነው የሚናገረው።

ያም ሆኖ 1992 ላይ የመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ አብረው የሚኖሩ ሰዎች መካከል የጋራ ንብረት የሚባል ነገር አልነበረም። ሃያ ዓመት ኖረው ሲለያዩ በማን ስም ተጽፎ ነው ተብሎ ያልቅ ነበር። የሚያልቀው ደግሞ በማን ስም እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አንድ ማስታወሻ። ይኼ የማወራው አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። የቤተሰብ ሕግ የክልሎች ሥልጣን ስለሆነ አማራም፣ ኦሮሚያም፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን አውጥተዋል። ብዙው ቢመሳሰልም ባሕር ዳር ወይም አዳማ የምትኖሩ የአዲስ አበባ ዘመዳችሁ በነገራችሁ አትሂዱ፣ የክልላችሁን ሕግ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ ልምጣ።

ሕጉ እንዲህ የሚኖሩትን ሰዎች ያውቃቸዋል ብያለሁ። መሥሪያ ቤቱ ግን አያውቃቸውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ሞትን ይመዘግባል። «ሳንጋባ አብረን እንኖራለን» ብሎ የሚመዘገብበት መዝገብ ግን የለም። ወረዳ ሄዶ የሚያገኙት ወረቀት ወይ ያገባ ነው ወይ ያላገባ። ሦስተኛ የለም። ስለዚህ ስምንት ዓመት አብሯት የኖረ ሰውዬ ሄዶ «ያላገባ» ማስረጃ ሲጠይቅ ይሰጠዋል። ዋሽቶም አይደለም፣ እውነትም አላገባም!

ይኼ ወረቀት ምን ያደርጋል? ቤት ወይም መኪና ሊሸጥ ውልና ማስረጃ ሲሄድ የሚጠየቀው እሱን ነው። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መጥታ መፈረም አለባት። አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ያለ ሁለቱ ስምምነት መሸጥም፣ ማስያዝም አይቻልም ይላል፤ ከ500 ብር በላይ መበደርንም ሳይቀር የሁለቱን ስምምነት የሚጠይቅ አድርጎታል (ዛሬ 500 ብር ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፣ ሕጉ ግን አልተሻሻለም)። አንዱ ደብቆ ቢሸጥ ሌላው ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ይችላል። ያላገባ ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ ግን ሠራተኛው ማንን ይጥራ? ካርታው በእሱ ስም፣ ሊብሬው በእሱ ስም፣ ወረቀቱ ያላገባ። ገዢውም በቅን ልቦና ይገዛል። እሷ ጠዋት ሥራ ሄዳ ማታ ስትመለስ ቤቱ ተሽጧል።

ለዚህ ነው መብቱ አለ ግን በጊዜው አይደርስም የምለው። ጋብቻ አስቀድሞ ይከላከልላችኋል። ይኼኛው ግን ከተጎዳችሁ በኋላ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ «ነበረኝ» ብላችሁ የምታስረዱት መብት ነው። ማስረዳቱ ደግሞ የጠየቀው ሰው ሸክም ነው፤ ሦስት ዓመት መሙላቱንም፣ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውንም፣ ንብረቱ በዚያ ጊዜ የተፈራ መሆኑንም።

በምን ይረጋገጣል? በአብዛኛው በሰው። ቤተሰብና አካባቢው እንዴት ያያቸው እንደነበር የሚናገሩ ምስክሮች። ግን ምስክር ይፈራል፣ ይታመማል፣ ወይ ከሟች ወገን ጋር ተዛምዶ ያገኙታል። ጠበቃው ያለንን ወረቀት ሁሉ አምጡ ሲለን እኔና ጎረቤቴ ቁም ሳጥኑን ገለበጥን። እውነት ለመናገር ከዚያ ቀን በፊት የእድር ደብተር ይኼን ያህል ዋጋ ያለው ወረቀት መሆኑን አላውቅም ነበር። እድር ውስጥ ሲገቡ የቤተሰብ ስም ይመዘገባል፤ ሚስት፣ ልጅ፣ እናት፣ አባት። አንድ ሰው ከስምንት ዓመት በፊት፣ ምንም ክርክር በሌለበት ጊዜ፣ በገዛ እጁ «ባለቤት» ብሎ ስሟን ካስመዘገበ፣ ዛሬ ወንድሙ የሚለው ነገር ብዙ አይከብድም። የልጁ የትምህርት ቤት ቅጽ፣ የክትባት ካርድ፣ የሆስፒታል ፈቃድ ላይ «የታካሚው የቅርብ ሰው» ብላ የፈረመችው፣ የሥራ ቦታው ሕክምና ዋስትና ላይ ያስመዘገባት፣ ሁሉም ይጠቅማል። የኪራይ ውልም እንዲሁ። ከ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ወዲህ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ቢያንስም ለሁለት ዓመት ነው። ያ ውል ላይ ሁለታችሁም ተከራይ ሆናችሁ ብትፈርሙ፣ ሳታስቡት አብሮ መኖራችሁን በመንግሥት ማኅተም አስመሰከራችሁ ማለት ነው።

ስለ ውርስ ደግሞ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። በእኛ ሕግ የተጋባች ሚስትም ባሏን አትወርስም። አዎ፣ በሰማንያ የተጋባችም፣ በቁርባን የተጋባችም። ኑዛዜ ከሌለ ወራሾቹ በመጀመሪያ ልጆች ናቸው። ልጅ ከሌለ ወላጆች፣ ወላጆችም ከሌሉ እየተወረደ ወደ ወንድምና እህት ይሄዳል። ባልና ሚስት መስመሩ ውስጥ የሉም። ሚስት የምትወስደው የጋራ ንብረት ግማሿን ነው፤ እሱም ውርስ ሳይሆን ድሮም የራሷ የነበረ ነው። ስለዚህ ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሰዎች ውርስ ላይ ከተጋቡት ያነሱ አይደሉም። ጦርነቱ ያለው ግማሹ የእኔ ነው ብሎ ማስረዳቱ ላይ ነው።

በጎረቤቴ ቤት ሒሳቡ እንዲህ ነው። አብረው መኖራቸው ከተረጋገጠ የቤቱ ግማሽ የእሷ። የቀረው ግማሽ ለልጆቹ እኩል ይከፈላል። ሟች ከእሷ በፊት ደሴ የወለደው አንድ ትልቅ ልጅ አለው፣ ከእሷ የወለደው ደግሞ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለች። ለእያንዳንዳቸው ሩብ ሩብ። ሳሎን ቁጭ ብሎ ሰማንያ የጠየቀው ታላቅ ወንድምስ? ምንም። ልጆች እያሉ ወንድም አይወርስም። ይኼን ጠበቃው ሲነግረን ጎረቤቴ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። የሴት ልጇንም ድርሻ ልጅቷ እስክትደርስ የምትጠብቀው እናቷ ናት።

ለልጅ ጉዳይ ሕጉ የማያሻማ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል። እናትና አባት እንደ ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ያ ሰውዬ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ በትዳር ውስጥ እንደሚወሰደው ማለት ነው። «ዲቃላ» የሚለውን ቃል ሕጉ አያውቀውም፣ እኛም ብንረሳው ጥሩ ነው። አብረው ካልኖሩና አባት ከካደ ግን ፍርድ ቤት መሄድ ይመጣል፣ ዛሬ ዛሬ የዲኤንኤ ምርመራ ስላለ እንደ ድሮው የቃል ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም።

የድብደባ ጉዳይንም ሳላነሳ አላልፍም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ሲያነሳ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትንም አብሮ ጠርቷቸዋል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «የቤታችሁ ጉዳይ ነው» የተባለች፣ ወይም «ሚስቱ እንኳ አይደለሽ» የተባለች ሴት ይኼን ቁጥር በቃሏ ብትይዘው አይጎዳትም።

ወደ ጎረቤቴ ጉዳይ ልመለስና ነገሩን የሚያወሳስበውን ልንገራችሁ። ሟች ደሴ ያለችውን የልጁን እናት በፍርድ ቤት አልፈታም። ከተለያዩ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ እሷም ሌላ ትዳር ይዛለች ይባላል። ግን የፍቺ ወረቀት የለም። ይኼ ዓይነቱ ነገር እኛ አገር ስንት ቤት እንዳለ! ሰውዬው «ተለያይተናል» ይላል፣ አዲሷም ሴት ታምነዋለች፣ ማንም ወረቀት አይጠይቅም። ጋብቻው አልፈረሰም ከተባለ የመጀመሪያዋ ሚስት መጥታ በዚያ ጊዜ የተፈራው ግማሹ የእኔ ነው ልትል ነው፣ ያኔ አንድ ቤት ላይ ሁለት ሴቶች ግማሽ ግማሽ ይላሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ግን ባልና ሚስት በፍርድ ቤት ባይፋቱም ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ ከመሠረቱ ጋብቻው ፈርሷል ሊባል እንደሚችል ወስኗል። የሰበር ትርጉም ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ለጎረቤቴ ትልቁ ተስፋ ይኼ ነው። ይኼም ቢሆን በምስክር ነው፣ ምስክሮቹም ያሉት ደሴ ነው።

ሌላም የምታወቅ ታሪክ አለች፣ ባሕር ማዶ ያላት። ልጅቷ ጅዳ ወይም ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች፣ እሱ አዲስ አበባ ነው፣ ከመሄዷ በፊት አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል፣ «ባሌ» ትለዋለች። በየወሩ ትልክለታለች። ቤት ገዛልኝ ብላ ታስባለች፣ ገዝቷልም፣ በራሱ ስም። አምስት ዓመት ሆኖ ስትመለስ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሴት አለች። እንደዚህ ያለችው ሴት አንቀጽ 102ን ብታነሳ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቃት «አብራችሁ የኖራችሁት ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ነው። በስልክ መኖር አብሮ መኖር ነው ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። የሚያዋጣት የላከችበት ደረሰኝ ነው። በባንክ ከላከች ስሟም፣ ቀኑም፣ መጠኑም አለ። በሐዋላ ሰው በጥቁር ገበያ ከላከች፣ ጥቂት ብር አተረፈች፣ ማስረጃዋን ግን አጣች። እህቶቼ፣ ቢያንስ ውክልና ስጡና በስማችሁ ይገዛ። እዚያው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ደግሞ አብሮ መኖሩ ራሱ አደጋ ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሳይጋቡ መኖርን ከወንጀልነት አውጥታዋለች፤ ሳዑዲ ግን ዛሬም ያስቀጣል፣ እዚያ የተወለደ ልጅም ወረቀት ለማግኘት መከራ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በተቃራኒው ሳታውቁት ልትጋቡ ትችላላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ያለ ወረቀት የሚጸና «ኮመን ሎው» የሚባል ጋብቻ ይቀበላል። የዓመት ቁጥር የለውም፤ ሁለታችሁም ከአሁን ጀምሮ ባልና ሚስት ነን ብላችሁ በግልጽ ተስማምታችሁ አብራችሁ ከኖራችሁ ሙሉ ጋብቻ ነው፣ ለመለያየትም ፍርድ ቤት ሄዳችሁ መፋታት አለባችሁ። ቴክሳስና ኮሎራዶም ይቀበላሉ። ወንዙን ተሻግራችሁ አሌክሳንድሪያ፣ ወይም መንገዱን ተሻግራችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆናችሁ ግን ቨርጂኒያም ሜሪላንድም እንዲህ ያለ ጋብቻ በግዛታቸው ውስጥ እንዲመሠረት አይፈቅዱም። የእኛ ሰው ደግሞ በብዛት የሚኖረው እነዚህ ሦስቱ ውስጥ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ፣ «ሃያ ዓመት ኖረናል፣ በሕግ ተጋብተናል» የሚለው ወሬ እዚያ ባዶ ነው። ስዊድን ለአብሮ ነዋሪዎች ራሱን የቻለ ሕግ አላት፤ ለጋራ መኖሪያነት የተገዛው ቤትና የቤት ዕቃ ይከፈላል፣ መኪናውና የባንክ ሒሳቡ ግን አይነካም፣ ውርስም የለም።

እንግዲህ አብራችሁ የምትኖሩ፣ ለመጋባትም ያልተቸኮላችሁ ሰዎች ምን ታድርጉ? እኔ አግቡ ብዬ የምሰብክ ሰው አይደለሁም። ግን ሕጉ «ሌላ ውል ከሌለ» ሲል ውል መግባት ትችላላችሁ ማለቱ ነው። ምን የጋራ እንደሆነ፣ ምን የግል እንደሆነ ጽፋችሁ በምስክር ፊት ፈርሙ፤ ቤት ካለበት ደግሞ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አድርጉት፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በተራ ወረቀት አይጸናም። ከዚያ የተሻለው ግን ንብረቱን ሲገዙ በሁለት ስም መግዛት ነው። ካርታው ላይ ሁለት ስም ካለ ያላገባ ወረቀት ይዞ የሚሸጥ የለም። ኑዛዜም አለ። ሁሉንም በራሱ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን አስፍሮ፣ እያንዳንዱን ገጽ መፈረም፤ ወይም በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ እንዲፈረም ማድረግ። «ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት ነው» የሚል ካለ፣ ጎረቤቴ ቤት መጥቶ አንድ ቀን ይዋል።

አንድ ጓደኛዬ ይኼን ሳወራለት «ፍቅር ውስጥ ወረቀት ምን ያደርጋል፣ እምነት ከሌለ ይቅር» አለኝ። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። ግን ልብ በሉ፣ ጎረቤቴን የከዳት ሰውዬ የለም። ሰውዬው ሞተ። ወረቀቱን የሚጠይቋት እሱን የወደዱ ሰዎች ናቸው፣ ከእሷ ጋር አንድ ትሪ ላይ የበሉ፣ ልጇን በፋሲካ በግ ያረዱላት። እሱ ቢኖር ወረቀት አያስፈልጋትም ነበር።

ክሱ ተከፍቷል። ቤቱ እንዳይሸጥ የዕግድ ትእዛዝ ወጥቷል፣ ይኼ ብቻውን እንቅልፍ ሰጥቷታል። የእድሩ ጸሐፊ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው ችሎት ይዘው ሄዱ፤ ዳኛዋ ተቀብላ ገጹን ስታነብ እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ «እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እሱ እየነገረኝ» አሉ፣ ሳይጠየቁ። ደሴ ያሉት ምስክሮች አልቀረቡም። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው።